በጅራፍ የተፈታ ሒሳብ

የቡሬው ጣሊያን ሹም ጅራፉን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ በንብ አናቢው ሽማግሌ በአያ ሙጬ ላይ ጮኸ። አስተርጓሚው እየተንተባተበ ተረጎመ፦ «አያ ሙጬ፣ ካቻምና አርባ ቀፎ ነበረዎ። አምና ድርቁ ከመቶ ሃምሳውን ፈጀብዎ። ዘንድሮ ከመቶ ሃምሳ ጨመረልኝ ብለዋል። እንግዲያው አርባው ሞልቷል። ያስመዘገቡት ግን ሠላሳ ነው። አስሩን ለሽፍታ ደብቀዋልና ይገረፋሉ ይላል።»

ሽማግሌው ጅራፉን አዩት። ሳልዋሽ፣ ከቡሬ ደምበጫ ቢዘረጋ ይተርፋል። «እስቲ ላፍታ ያውሰኝ በልልኝ፤ ለኔው ጀርባ ለመጣ ምን ይሰስታል?» አሉ። ተቀብለው ለሁለት አጠፉት። «ይኸው ድርቁ፤ አርባው ሃያ ሆነ። ዘንድሮ የጨመረልኝ የዚህ የሃያው ግማሽ ነው። ንብ የምትራባው ካለችው ነው እንጂ ከሞተችው ነው እንዴ?» ከታጠፈው ግማሹን ብቻ መልሰው ዘረጉት። ጫፉ ሳይፈታ እጃቸው ላይ ቀረ። «ያንተ አስር ቀፎ ይቺ ናት። ሞታለች፤ ነፍስ ይማር።»

ሹሙ ጅራፉን አየ፣ በጣቱ ቆጠረ፣ ፊቱ በርበሬ መሰለ። ራሱ አስልቶ የጻፈውን አርባ ሰርዞ ሠላሳ አደረገና በእጁ ሂድ አላቸው።

አያ ሙጬ ከግቢው ርቀው ወደ ገደል ወረዱ። ፈረንጁ በተሳሳተ ሒሳብ እውነቱ ላይ ደርሶ ነበር። ንቦቹ ዘንድሮ እጥፍ ተራብተዋል፤ አስሩ ቀፎ ከገደሉ ሥር ጫካ ውስጥ ነው፤ ማሩም የቆሰሉ አርበኞች ቁስል ላይ።