የመዝገብ ቤቱ ሳል

በሽታው መሥሪያ ቤቱ ሳይገባ ኮሚቴው ቀድሞ ገባ። የመከላከል ኮሚቴውን ያቋቋሙት ሥራ አስኪያጁ ናቸው፤ ሰብሳቢ የሆኑትም ራሳቸው ናቸው፤ ከእሳቸው የተሻለ ሰው አላገኙም።

ጠዋት ጠዋት ሠራተኛው አዳራሽ ይሰበሰባል። ብርድ እንዳይገባ መስኮቱ ይዘጋል። ሥራ አስኪያጁ ድምፃቸው እንዲሰማ ማስካቸውን አገጫቸው ላይ ያወርዱና ስለ መራራቅ አንድ ሰዓት ያስተምራሉ። ጉሮሯቸው ሲደርቅ ሻይ ይቀርብላቸዋል።

«ዛሬም ስኳር ረስተሻል» አሏት ሻይ የምታፈላውን ሴትዮ። የስኳር ዋጋ ስለጨመረ እየቆጠበች መሰላቸው።

በሳምንቱ ሒሳብ ሹሙ ተኛ። ቀጥሎ ጸሐፊዋ፣ ከዚያ ሁለት ሾፌሮች። ጥፋተኛ ለማግኘት ኮሚቴው ብዙም አልደከመም፤ የመዝገብ ቤቱ ሽማግሌ ያስላሉ።

«ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «በሽታውን ደብቀው ያስጨረሱን እርስዎ ነዎት።»

«ኧረ ጌታዬ፣ ይሄ የፋይል አቧራ ነው። እርስዎ እዚህ ሲመጡም እያሳልኩ ነው የተቀበልኩዎት።»

የሚሰማቸው አልተገኘም። ግቢው ጥግ ካለው፣ መስኮቱ ከተሰበረ መጋዘን ውስጥ ብቻቸውን ተቀመጡ። ጡረታቸው ሁለት ወር ቀርቶታል። ኮሚቴው ያዘጋጀው የስንብት ደብዳቤ ከተፈረመ ግን የሃያ ሁለት ዓመት ልፋታቸው ውሃ በላው። ሴትዮዋ ሻያቸውን ደጃፉ ላይ ስታስቀምጥላቸው አንጀቷን በሏት። እሳቸው እንደ ልማዳቸው በአንድ ማንኪያ ስኳር ጠጥተው መረቋት።

ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቷቸውን አንስተው ሊፈርሙ ሲሉ ከጤና ቢሮ የተላከች ሐኪም ደረሰች።

«ከሒሳብ ሹሙ በፊት የታመመ ሰው አለ» አለች። «እሱን ካላገኘን በሽታው አይቆምም። አንዳንዱ ትኩሳትም ሳልም አይታይበትም፤ የሚበላው የሚጠጣው ሁሉ ጣዕም ያጣበታል እንጂ።»

«ፍለጋ አያስፈልግም» አሉ ሥራ አስኪያጁ ወደ መጋዘኑ እያመለከቱ። «ሰውየውን አስቀምጠንልሻል።»

ሴትዮዋ የያዘችውን ብርጭቆ ሥራ አስኪያጁ ፊት አስቀመጠችና ወደ ሐኪሟ ዞረች።

«ዶክተር፣ የጌታዬን ሻይ ስኳር ስምንት ማንኪያ ካደረስኩት ዛሬ ሦስት ሳምንቴ ነው፤ አሁንም ረስተሻል ይሉኛል።»