የእንጨት ጣቶች

መልኩን ለተረት ሥዕል መጽሔት የሰጠ ሰው፣ አዲስ ዕትም በወጣ ቁጥር ሰውነቱ ሥዕሉን ይከተላል። ዘነቡ በአንዱ ተረት ውስጥ ላለችው ልዕልት መልኳን የሰጠችው ጉንጯ ላይ የነበረው የእሳት ጠባሳ እንዲጠፋላት ብላ ነው፤ ጠፋላትም። ውሉ ግን ተረቱ እስኪያልቅ አይፈርስም።

የልጇን የሲፈንን ፀጉር ሹሩባ እየሠራች ሳለ የመጽሔቱ ሠዓሊ ደወለ።

«እትዬ ዘነቡ፣ በዛሬው ዕትም እንጀራ እናቷ ልዕልቲቱን ትረግማታለች። እጆቿ እንጨት ይሆናሉ።»

«እስከ መቼ?»

«ልዑሉ መጥቶ እስኪፈታት። አንባቢ እርግማኑን ከወደደው ግን አዘጋጆቹ ልዑሉን ያዘገዩታል።»

«ታዲያ አንተ ሌላ ነገር አትስልም?»

«እኔ የታዘዝኩትን ነው የምስለው፣ እትዬ። ዕትሙ አሁን እየወጣ ነው።»

ስልኩን ዘጋችው። የሲፈን ግማሽ ራስ ገና አልተሠራም። ዘነቡ ፀጉሩን ከሥሩ ቆንጥጣ እያጠበቀች በፍጥነት ትጎነጉን ጀመር።

«እማዬ፣ ያማል! የቀረውን ነገ ትሠሪኝ የለ?»

«ቻይው የኔ እናት።»

«ምነው ግን እንዲህ አጠበቅሽው?»

የግራ እጇ ትንሿ ጣት አልታጠፍ አለች። ዘነቡ በቀሩት ጣቶቿ ቀጠለች።

«ብዙ እንዲቆይልሽ ነው» አለቻት።