ዓይኑ ሲተኛ

«ቁጥሩን አልነካሁትም እኮ» ይላል ባልደረባዋ፣ ላፕቶፑን ወደ እሷ እያዞረ። «ከድሮው ፕሮግራም ወደ አዲሱ እንዳለ ነው ያሻገርኩት። ሃያ ነበር፣ ሃያ ነው።»

ፕሮግራመሯ መስመሩን ታነባለች። ደግማ ታነባለች። የወረቀት መቁረጫው ማሽን ከምላጩ ሥር እጅ መኖሩን የሚያይ ሴንሰር አለው፤ ሠራተኞቹ «ዓይኑ» ይሉታል። ፕሮግራሙ በዓይኑ ያያል፣ ለአፍታ ያርፋል፣ እንደገና ያያል። እጅ ካየ ምላጩን ያስቆማል። ሃያ የዕረፍቱ ርዝመት ነው።

«የድሮው በጃቫ ቋንቋ ነው የተጻፈው፤ ጃቫን ሃያ ስትለው የሚያርፈው ሃያ ሚሊሰከንድ ነው» ትላለች። ድምጿ ቀጥኗል። «ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ አይሞላም። አንተ አዲሱን በምን ቋንቋ ጻፍከው?»

«በፓይተን።»

«ፓይተን በምንድን ነው የሚቆጥረው?»

መስመሩን ራሱ ያነበዋል። ፊቱ ላይ የነበረው ደም ወዴት እንደሄደ እንጃ።

«በሰከንድ» ይላል። «ግን እኮ ጠዋት ሞከርነው! ካርቶን ከሥሩ ከተን አስነሳነው፣ እምቢ አለ።»

«ሲነሳ አንዴ ያያላ! ከዚያ ሃያ ሰከንድ ሙሉ ይተኛል!»

«ልዝጋው?»

«ብትዘጋው ሞተሩ ይቆማል እንዴ? ሞተሩን የሚያስቆመው እኮ ፕሮግራሙ ነው!»

ከመስታወቱ ማዶ፣ ከታች፣ ምላጩ ይወጣል፣ ይወርዳል። ከፊቱ የቆመው ባለ ሰማያዊ ሸሚዝ ቆራጭ ታላቅ ወንድሟ ነው፣ ያሳደጋት። እስከ ትናንት ምላጩ የሚወርደው ቆራጩ ሁለት ቁልፎች በሁለት እጁ ሲጫን ብቻ ነበር። ቁልፍ ላይ ያለ እጅ ከምላጭ ሥር ሊገኝ አይችልም፤ ይህን ለመረዳት ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ሥራ አስኪያጁ ግን አስነቀላቸው፤ አሁን ምላጩ በራሱ ጊዜ ነው የሚወርደው። ያዘገያሉ አለ። ዓይን እያለ የሰው እጅ ማሰር ኋላ ቀርነት ነው አለ። ተጣላችው፣ ጠረጴዛ ደበደበች፣ ከስብሰባው ተባረረች። በዚህ ቤት የሷን ጩኸት የማያውቅ የለም፤ ስትመጣ «እሳቷ መጣች» ይባባላሉ።

ወንድሟ ግን ሳቀ። «እህቴ ያለችበት ማሽን ይነክሰኛል እንዴ?» ብሎ ሥራውን ጀመረ።

የብረቱን ደረጃ በእግር ጣቶቿ እየረገጠች ትወርዳለች። «ወንድም ጋሼ!» ብላ ብትጣራ ዞር ይላል። ሲጠሩት ፊቱን ሙሉ ነው የሚያዞረው፣ እጁን የት እንደተወው ሳያይ። ዕድሜዋን ሙሉ ስትጮህ የኖረች ሴት አሁን አፏን በመዳፏ አፍና ትሄዳለች።

ከማሽኑ ጎን ቀዩ የአደጋ ቁልፍ አለ። ትጫነዋለች።

ጧ። ምላጩ ይወርዳል።

እንደገና ትጫነዋለች። ያኔ ትዝ ይላታል። ይህም ቁልፍ ኤሌክትሪኩን በቀጥታ አያቋርጥም። «ለብቻው ሽቦ መዘርጋት ምን ያደርጋል፣ በፕሮግራሙ በኩል ይሂድ» ያለው ያው ሥራ አስኪያጅ ነው። ፕሮግራሙ ደግሞ ተኝቷል። መጫኗን የሚያውቀው ሲነቃ ነው። መቼ እንደተኛ አታውቅም፤ መቼ እንደሚነቃም አታውቅም።

ጧ።

ወንድሟ ክምሩን ይገፋል፣ ጠርዙን ያስተካክላል፣ እጁን ይስባል። ይገፋል፣ ያስተካክላል፣ ይስባል። ሲስብ ልትይዘው አንድ እርምጃ ትጠጋለች። እንዲህ በቀስታ ወደ ሰው ተጠግታ አታውቅም። ጥላዋ ክምሩ ላይ ያርፋል።

«እንዴ፣ እሳቷ!» ይላል ፊቱን ሙሉ አዙሮ፣ እየሳቀ። «ዛሬ ደግሞ ማንን ልታቃጥይ...»

እጁ ወረቀቱ ላይ ነው።

ክንዱን በሁለት እጇ አንቃ ባላት ክብደት ሁሉ ወደ ኋላ ትወድቃለች።

ጧ።

ሁለቱም ሲሚንቶው ላይ ናቸው።

«አብደሻል እንዴ? ወገቤን ሰበርሽው እኮ! ምን ሆነሽ ነው አንቺ?»

ክንዱን አትለቅም። ከበላያቸው ምላጩ ይወጣል፣ እስከ ግማሽ ይወርዳል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል፤ ፕሮግራሙ ገና አሁን ነቃ። አዳራሹ ጸጥ ይላል።

ሥራ አስኪያጁ ከበሩ በኩል እያጨበጨበ ይመጣል። «አያችሁ? አያችሁ! ሰው ሲጠጋው ራሱ ቆመ! አንቺ ደግሞ ይህን ነው ስታጥላይ የከረምሽው!»

«የሷው ሥራ እኮ ነው» ይላል ወንድሟ ከወደቀበት፣ ኮራ ብሎ። «ልቀቂኝ በይ፣ ሰው እያየን ነው።»

ሥራ አስኪያጁ እጁን ከቆመው ምላጭ ሥር አስገብቶ ቁርጥራጩን ይዝቃል፤ ወደ መጣያው ይጥለዋል። ከነጩ ወረቀት መሃል አንዲት ቀጭን ሰማያዊ ጨርቅ ትወርዳለች። የሸሚዝ እጅጌ ጠርዝ ናት፤ ቀጥ ብላ የተቆረጠች፣ አንድም ክር ያልተፈታባት።