ከአጥሩ ሥር የተኛው ውሻ

ሸዋንግዛው ሰውን እንደ መጽሐፍ አነባለሁ ባይ ነበር። አዋሳ ውስጥ በአንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ሥነ ልቦና ያስተምራል፤ የዓመቱን የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ የሚከፍተውም ሁልጊዜ በአንድ አባባል ነው። «የሰው አፉ ይዋሻል፤ ልማዱ ግን አይዋሽም።»

ዘመኑ የደርግ ነው። ሰሜን ያለው ጦርነት ወጣት አይጠግብም፤ ቀበሌዎችም ከገበያው፣ ከመናኸሪያው፣ ሲብስም ከአልጋው ላይ እያፈሱ ይልኩለታል። የሸዋንግዛው አንድ ልጅ ጉልላትም ከዘመተ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ናቅፋ ግንባር ነው። አባትየው ከዚህ ዓለም የሚመኘው ልጁ በሕይወት እንዲመለስለት ብቻ ነው።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ግዛቸው ይህን ያውቃል። አንድ ቀን ከስብሰባ በኋላ ትከሻውን ያዘው።

«ጓድ ሸዋንግዛው፣ የተደበቀ ወጣት ላጋለጠ ሰው ልጁ ከግንባር ወደ ደጀን ይዛወርለታል። እኔ ነኝ የምልህ።»

ከዚያ ወዲህ ሸዋንግዛው በሰፈሩ ሲያልፍ ዓይኑ አላርፍ አለ። በየስብሰባውም እየተነሣ፣ «ሸሺን የሚደብቅ ማኅበረሰብ የታመመ ማኅበረሰብ ነው» ይላል። ይጨበጨብለታል። ሚስቱ ታቢታም ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ትሰማዋለች።

ጥርጣሬው ያረፈው በጎረቤቱ በሙህዲን ላይ ነው። ሙህዲን መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው። ነስሩ የሚባል ለውትድርና የደረሰ ልጅ አለው፤ ልጁ «ጅማ፣ አክስቱ ዘንድ ሄዷል» ከተባለ ሰንብቷል። ጅማ! ይህን ያመነ አንድ ሰው በሰፈሩ ቢገኝ እሱ የዋህ ነው።

ምልክቱም አልጠፋም። ሙህዲን ከጓሮ ባለው መጋዘኑ ላይ አዲስ ቁልፍ አንጠለጠለ። ሬዲዮኑ ከወትሮው በላይ ይጮኻል። ሬዲዮኑ ዝም ሲል ደግሞ የታፈነ ሳል በአጥሩ በኩል ይሰማል።

የሸዋንግዛው ውሻ ሳይቀር መሰከረ። ለባዕድ ጅራቱን የማይቆላ ክፉ ውሻ ነው፤ ሰሞኑን ግን የራሱን ደጅ ትቶ ቀኑን ሙሉ በመጋዘኑ አጥር ሥር ይተኛል። ሸዋንግዛው ነገሩን ክፍል ውስጥ ምሳሌ አደረገው። «ውሻ ፍቅር አያውቅም፤ አጥንት ያገኘበትን ቦታ ይለምዳል» አላቸው። ተማሪዎቹም ጻፉ።

ደስ ያለው በታቢታ ነው። ሬዲዮ ስለ ግንባር ባወራ ቁጥር ታለቅስ የነበረች ሴት፣ አሁን እንባዋ ቆሟል። ሰው ሁሉን ይለምዳል፤ የሥነ ልቦናው መጽሐፍም ይህንኑ ይላል። እሑድ ዕለት ዶሮ አረደላት፤ ሶሻሊስት ነኝ ቢልም ቢላዋ ሲያነሣ በስመ አብ ማለቱን አልተወም። እሷም ወጡን ሠርታ፣ አንዱን ሳህን ከድና ወደ ሙህዲን ቤት ይዛ ወጣች።

«ለእነሱ ደግሞ ምን አስጨነቀሽ?» አላት ስትመለስ።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» አለች፣ ዓይኗን ሳታነሣ። «ክፉ ቀን ነው፣ ሸዋንግዛው።»

ማመንታቱ አልቀረም። ምጥ ሲጠናባት ታቢታን በጭነት መኪናው ጭኖ ሐኪም ቤት ያደረሳት ሙህዲን ነው። ጉልላትን መጀመሪያ ያቀፈውም እሱ ነው። ይህን ሲያስብ ሸዋንግዛው አፈረ። ግን ደግሞ ከራስ በላይ ነፋስ ነው። በዚያ ላይ ነስሩን የሚገድለው የለም፤ ከምልመላ የሸሸ ማሠልጠኛ ይገባል እንጂ አይረሸንም። የሚረሸነው ከግንባር የኮበለለ ነው። «እንግዲህ ምን በደልኩ?» አለ ለራሱ።

በማግስቱ ግዛቸው ቢሮ ገብቶ የሙህዲንን ስም ጠራ።

የአብዮት ጥበቃዎቹ የመጡት ረፋድ ላይ፣ ሰፈሩ ሁሉ ደጅ በወጣበት ሰዓት ነው። ሸዋንግዛው ቤቱ መቀመጥ አልቻለም፤ ከሊቀ መንበሩ ጎን ቆመ። ሙህዲን ቁልፉን አልሰጥም አለ። በሰደፍ መቱት። ከወደቀበት ሆኖ ቀና ሲል ያየው የመቱትን ሳይሆን ጎረቤቱን ነው።

«ሸዋንግዛው፣ በአላህ ይሁንብህ፣ መልሳቸው። ለእኔ ብዬ አይደለም።»

ለልጁ ነው እንጂ፣ አለ ሸዋንግዛው በልቡ፤ እኔስ ለልጄ አይደለም? ፊቱንም አዞረ።

ታቢታ ከቤት ሮጣ ወጥታ ግዛቸው እግር ላይ ተደፋች። ጫማውን እየሳመች ታለቅሳለች፤ አንድም ቃል አይወጣትም። ሸዋንግዛው ክንዷን ይዞ ሊያነሣት ሞከረ። ለሰው ልጅ እንዲህ የምትሆን ሚስቱ አሳዘነችው፤ ማታ ምሥጢሩን ሲነግራት ይቅር እንደምትለው አልተጠራጠረም።

«አይዞህ፣ ጓድ» አለው ግዛቸው፣ እግሩን ከታቢታ እጅ እያላቀቀ። «አብዮቱ ውለታ አይረሳም። ልጅህ ይመጣልሃል።»

ሸዋንግዛው ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። የመጋዘኑ በር ተገንጥሎ ወደቀ።

ሁለት ጥበቃዎች እየጎተቱ ያወጡት፣ የወታደር ሱሪ የለበሰና ጺሙ የጎፈረ ወጣት፣ ዓይኑን ከፀሐዩ በእጁ ከልሎ ሸዋንግዛውን አየና፣ «አባዬ፣ ልጄ ነው በላቸው» አለ።