የክቡር ዶክተሩ ታይትል

ሰውዬው ማተሚያ ቤት ገብተው ገና ወንበር ሳይዙ ነው ሽፋን የምትሠራውን ልጅ ማረም የጀመሩት።

«እንዴት ዋሉ፣ ጋሼ?» አለቻቸው ትርሲት።

«ጋሼ የሰፈር ነው። ክቡር ዶክተር በይኝ።»

መጽሐፋቸው ቅዳሜ በትልቅ ሆቴል ይመረቃል። ባለሥልጣናት ተጠርተዋል፤ የሙዚቃ ባንድም ተይዟል። የቀረው ሽፋኑ ነው፤ እሱ ዛሬ ካልታተመ ግን በእንግዶቻቸው ፊት ማፈራቸው ነው።

ትርሲት ኮምፒውተሯ ላይ ተቀምጣ፣ «ታይትሉን ይንገሩኝ» አለች።

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ክቡር ዶክተር፣ ኢንጂነር፣ የበጎ ፈቃድ አምባሳደር፣ የሰላም አባት። ስሜ ከዚያ ይከተል። ፊደሉ ወርቃማ ይሁን።»

ጻፈችው። ማዕረጉ ሽፋኑን ሞላውና ስማቸው የታችኛው ጠርዝ ላይ ተንጠለጠለ።

«ትንሽ ብንቀንሰውስ?»

«ከፈለግሽ ፎቶዬን አሳንሺው! ከማዕረጌ አንዲት ነጥብ እንዳትነኪ!»

ፎቶውን አሳነሰችው። «እሺ፣ አሁን የመጽሐፉን ታይትል ይንገሩኝ።»

«ነገርኩሽ እኮ!»

«እሱማ የእርስዎ ነው፣ ክቡር ዶክተር። እኔ የምጠይቀው የመጽሐፉን ርዕስ ነው። መጽሐፉ ማን ይባላል?»

ሰውዬው ስልካቸውን አውጥተው ደወሉና ወደ መስኮቱ ዞረው በሹክሹክታ፣ «ስማ አንተ፣ ያ የጻፍክልኝ መጽሐፍ ስለ ምንድን ነው?» አሉ።

ከስልኩ የወጣው ድምፅ ግን ትርሲት ድረስ ይሰማ ነበር።

«ስለ ሐቀኝነት ነው፣ ክቡር ዶክተር።»