በፊሽካ ቢሮ በኩል

«ለመላው የትምህርት ቤታችን ማኅበረሰብ፤ ዛሬ ከቀኑ በአስር ሰዓት የትምህርት ቤታችን ጥናታዊ ጽሑፍ በኢንተርኔት ለጥናት መጽሔት የሚላክ ስለሆነ፣ የሚመለከታችሁ ሁሉ በሰዓቱ እንድትገኙ» ይላል የድምፅ ማጉያው፣ ሁለት ጊዜ። ሁለተኛውን ያነበበው ዳይሬክተሩ ራሱ ነው፤ የመጀመሪያው ክብደት አንሶት ነበር።

የሚመለከተን አራት ሰዎች ነን፦ ዳይሬክተሩ፣ የዲሲፕሊን ኃላፊው፣ ጽሑፉን የጻፈችው የተማሪዎች አማካሪ፣ እና እኔ። እኔ ኮምፒውተር አስተምራለሁ፤ አንድ ቁልፍ መጫን ሙያ ይጠይቃል ተብሎ ተጠርቻለሁ።

ተማሪው ተበትኗል። የተሰበሰብነው የዲሲፕሊን ኃላፊው ቢሮ ነው፤ ኢንተርኔቱ እዚህ ይሻላል። ኃላፊውን ተማሪዎቹ ፊሽካ ይሉታል፤ ፊሽካዋ ከአንገቱ ወርዳ አታውቅም። ከወንበሩ ጀርባ አንዲት ጠባብ በር አለች። የአማካሪዋ ክፍል ከእሷ ወዲያ ነው፤ ሌላ መግቢያ የለውም። ምክር የፈለገ ልጅ መጀመሪያ ፊሽካን ያልፋል።

«ሌላ ቢሮ ብናደርገውስ? በአስር ሰዓት እዚህ ባንሆን» ብላ ነበር አማካሪዋ ጠዋት። ዳይሬክተሩ «ታሪክ የሚሠራው ኔትወርክ ባለበት ነው» አላት። አሁንም ዓይኗ ከውጭው በር አልተነቀለም።

«የአዘጋጆቹን ስም እስቲ አንብብልኝ» ይለኛል ዳይሬክተሩ።

አነብለታለሁ። አንደኛ ዳይሬክተሩ፣ ሁለተኛ ፊሽካ፣ ሦስተኛ እሷ። ዳይሬክተሩ ለጥናቱ ወረቀት ፈቅዷል። ፊሽካ መጠይቁ በተሞላበት ቀን ተማሪዎቹን ጸጥ አሰኝቷል።

«ጥሩ። አሁን ወደዚያች ዓረፍተ ነገር።»

በማውሱ እይዛታለሁ፤ ሰማያዊ ሆና ትጠብቃለች። «ተማሪዎች ወደ ምክር ክፍሉ የማይመጡት ችግር ስለሌለባቸው ሳይሆን፣ መግቢያው በዲሲፕሊን ቢሮ በኩል ብቻ በመሆኑ ነው» ትላለች።

«እሷን አጥፋና ‹በግንዛቤ እጥረት ምክንያት ነው› በልልኝ።»

የግንዛቤ እጥረት ማንንም አያስቀይምም። ስንቱን ነገር ተሸክሞልናል።

«እንዳትነካት» ትላለች አማካሪዋ። ለእኔ ነው።

«እህቴ፣ ልጆቹ እኮ አይፈሩኝም» ይላል ፊሽካ። የምሩን ተከፍቷል። «እንደ አባት ነው የሚያዩኝ።»

«ሲያዩህ ነው የሚመለሱት። ለዚህ ነው አንተ ከወጣህ በኋላ ኑ የምላቸው።»

«ከእኔ ደብቀሽ?»

«አዎ፣ ካንተ ደብቄ።»

ፊሽካ ምስክር ፈልጎ ያየኛል። እኔ ስክሪኑን አያለሁ።

«ጋሼ፣ መጽሔቱ አንድ ጊዜ መልሶብናል» ትላለች ወደ ዳይሬክተሩ ዞራ። «ልጆቹ ለምን እንደማይመጡ በግልጽ ጻፉ፣ አለዚያ አናወጣውም ብለዋል። የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነው። ግንዛቤ ብለን ከላክን ሞተ።»

«አይሞትም። ይለሰልሳል እንጂ።»

«ይህን ከልጆቹ አፍ እስካወጣ ድረስ ስንቱን ደጅ ጠንቻለሁ። እንዲለሰልስ ብዬ አይደለም።»

ዳይሬክተሩ መነጽሩን ያወልቃል። መነጽሩን ሲያወልቅ ነገር ይመጣል። «እንግዲያው ከሰኞ ጀምሮ ወደ ማስተማሩ ትመለሻለሽ። ያቺ ክፍልም የስፖርት ዕቃ ይቀመጥባታል። ኳሶቹን ዝናብ እየመታቸው ነው።»

ፊሽካ ለኳሶቹ አዝኖ ራሱን ይነቀንቃል።

አማካሪዋ አትጮህም። እንዲያውም ፈገግ ትላለች። «ደስ ካለዎት ስሜን ያውጡት። ዓረፍተ ነገሯ ግን ትሄዳለች።»

«ያላንቺ ስም?»

«ያለኔ ስም። ያን ጊዜ ይህን ያሉት እርስዎ ይሆናሉ። አንደኛ ላይ ያለው የእርስዎ ስም አይደል?»

ዳይሬክተሩ ስሙን ያያል። ከዚያ ዓረፍተ ነገሯን ያያል። እስካሁን ሁለቱን አንድ ላይ አስቧቸው የሚያውቅ አይመስልም።

«ስሙ ይቆይ» ይላል በመጨረሻ። «ዓረፍተ ነገሯ ትውጣ።»

«ሁለቱ አብረው ነው የሚሄዱት፣ ጋሼ።»

«አንተ፣ አጥፋ ብዬሃለሁ እኮ።»

ጣቴ ማጥፊያው ላይ ነው። ጀግና ነኝ ብዬ ለማንም አውርቼ አላውቅም።

የውጭው በር ይንኳኳል፤ ቀስ ብሎም ይከፈታል። አንዲት ተማሪ ናት፤ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋለች። መጀመሪያ የምታየው አማካሪዋን ነው፤ ፊቷ ሊፈታ ይጀምራል። ከዚያ ፊሽካን ታያለች። ሌላ ቀን ቢሆን እሱ በዚህ ሰዓት ቤቱ ገብቶ ነበር።

«ምን ፈልገሽ ነው፣ የኔ ልጅ?» ይላል ፊሽካ። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር፤ ለዳይሬክተሩ ብሎ ያወጣው ነው።

ልጅቷ አማካሪዋን ታያለች። ጠባቧን በር ታያለች። ከዚያ መሬት መሬት እያየች፣

«አርፍጄ ነው» ትላለች።

«ከምን?»

ትምህርት አልቋል። ግቢው ውስጥ የሚረፈድበት ነገር የለም። እሷም ታውቃለች፣ እኛም እናውቃለን። ቦርሳዋን መሬት ታስቀምጥና፣ ማንም ሳያዛት፣ ቅጣተኞች እጃቸውን አንስተው ወደሚቆሙበት ጥግ ሄዳ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ቦታውን አልጠየቀችም።

ፊሽካ ከአንገቱ የተንጠለጠለችውን ፊሽካ በመዳፉ ይሸፍናል። ዳይሬክተሩ መነጽሩን ያደርጋል፤ በመነጽርም የሚታየው ያው ነው። እኔ ጣቴን ከማጥፊያው ላይ አነሳለሁ።

አማካሪዋ ማንንም አታስፈቅድም። በትከሻዬ በኩል ጎንበስ ብላ ማውሱን ትወስዳለች። ሰማያዊው ይለቃል፤ ዓረፍተ ነገሯ እንደ ሌሎቹ ጥቁር ሆና ቦታዋ ላይ ትቀመጣለች። የሚያስቆማት የለም። «ላክ» የሚለውን ትጫናለች።

ጠቅ ይላል።

ልጅቷ ድምፁን ስትሰማ፣ ዞር ሳትል፣ ሁለት እጇን ወደ ላይ ታነሳለች።