አራቱም ታዩ?

ሐሙስ የእንቅርት ኦፕራሲዮን ቀን ነው። አዲሱ ካሜራ ወደ አዳማው ሆስፒታል ከመጣ ጀምሮ አንድ ሽማግሌ ሐሙስ ቀርተው አያውቁም። ከኦፕራሲዮን ክፍሉ ኮሪደር ጫፍ ባለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ታማሚ አይደሉም፤ አስታማሚም አይደሉም። ዶክተር ኤቢሴ ሥራዋን ጨርሳ ስትወጣ ብድግ ይሉና አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃሉ።

«ዶክተር፣ አራቱም ታዩ?»

«ታይተዋል» ስትላቸው ባርኔጣቸውን ደፍተው ይሄዳሉ።

ኤቢሴ ወደዚህ ሆስፒታል ከተዛወረች ዓመት አልሞላትም። ነርስ ኪሩም ከእሷ ብዙ አትቀድምም፤ አዲስነቷ ግን ወሬ ከመልቀም አላገዳትም። ሆስፒታል ውስጥ ወሬ ከአምቡላንስ ይቀድማል።

«ከስድስት ዓመት በፊት አንዲት ሴት እዚህ በእንቅርት ኦፕራሲዮን ሞታለች አሉ» አለች ኪሩ፣ እጃቸውን ሲታጠቡ። «ካሜራው ሳይኖር ነው። አራቱን ዕጢዎች ከእንቅርቱ ጋር ቆርጠው አወጡባት። በሦስተኛው ቀን ጣቶቿ ተቆላለፉ፤ ከዚያ ጉሮሮዋ ተዘጋ። ባሏ ናቸው መሰለኝ። ካሜራ ይገዛ እያሉ አምስት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ሲጽፉ የኖሩት እሳቸው ናቸው።»

«ካሜራው መጣ። አሁን ምን ይፈልጋሉ ታዲያ?»

«እኔ እንጃ። ግን ደም የተቃባ ሰው ነው የሚመስሉት። አንቺ ብቻ ተጠንቀቂ።»

ኤቢሴ ሣቀች፤ ልቧ ግን አልሣቀም። እነዚያ ከእንቅርቱ ጀርባ ያሉ አራት ዕጢዎች የምስር ፍሬ ያህል ናቸው። የሰው ደም ካልሲየም እንዳያጣ የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ችግሩ ከስብ የማይለዩ መሆናቸው ነው። አንድ ቀን አንዱን ብትስት፣ እኚያ ሰውዬ ኮሪደሩ ላይ ምን እንደሚያደርጓት ታስብ ነበር።

የዛሬዋ ታማሚ ጂቱ ትባላለች፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ከባቱ ያመጧት አባቷ ኦቦ ጫምሳ ሐይቁ ዳር ሽንኩርት ያለማሉ። ባለፈው ሳምንት ለምርመራ ሲመጡ ኤቢሴ ጠይቃቸው ነበር።

«ከቤተሰቡ እንቅርት ያለበት ሌላ ሰው አለ?»

«እናቷ ነበረባት። አርፋለች።»

«ነፍስ ይማር» ብላ ጻፈች። በዚያ አገር እንቅርት ብርቅ አይደለም፤ ከደጅ ደግሞ ሠላሳ ታማሚ ተሰልፎ ይጠብቃታል። «ለምን እስካሁን ቆያችሁ?»

«እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ልጄ። ሐኪም ቤት እፈራለሁ። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ተላከብኝ፤ ሁለቱን ከደጅ መለስኩ። በሦስተኛው ‹ዕጢ የሚያሳይ ካሜራ መጥቷል፣ ስለ ልጅህ ስትል ስማን› አሉኝ። ይቺን ካጣሁ ሌላ የለኝም።»

ኤቢሴ ፈገግ አለች። የልጅቷን እጅ የሚፈልግ ቤተሰብ ከሠርጉ በፊት ትዳን ብሎ የላካቸው መስሏት ነበር። ኦቦ ጫምሳ ግን ፊታቸው አልተፈታም።

ዛሬ ሽማግሌው ከወትሮው ቀድመው፣ ገና ዘበኛው በሩን ሳይከፍት ነው የመጡት። የጂቱ ዘመዶች ያመጡትን የገብስ ጭኮ ከፍተው ለጽዳት ሠራተኛዋ ሳይቀር ሲያዳርሱ፣ እሳቸው ቀስ ብለው ተነሥተው ወደ ውጭ ወጡ።

«አየሽ?» አለች ኪሩ። «እዚህ ቤት ውኃ እንኳን አይቀምሱም።»

ጂቱ ተኛች። አንገቷ ተከፈተ። ካሜራው የሚሠራው በጨለማ ስለሆነ መብራቱ ጠፋ፤ ዓይን የማያየው ብርሃን ሲያርፍባቸው ዕጢዎቹ ስክሪኑ ላይ ነጭ ሆነው ይወጣሉ። አንዱ ታየ። ሁለተኛው ታየ። ሦስተኛውም። አራተኛው የለም።

መብራቱ በራ። ኤቢሴ እንቅርቱን ገለበጠችው። ከጀርባው የተጣበቀች ቢጫ ስብ አለች፤ ምንም የማታስጠረጥር። መቀሱን አስጠጋች። ከዚያ ምን እንደነካት ሳታውቅ እጇን መለሰች።

«መብራት አጥፉልኝ።»

ስቧ በራች።

ኤቢሴ ዕጢዋን ከነደም ሥሯ ለማላቀቅ ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። ካሜራው ባይኖር እኔም እቆርጣት ነበር ብላ አሰበች።

ስትወጣ ሽማግሌው ተመልሰው ቆመው ነበር።

«ዶክተር... አራቱም?»

«አራቱም። አራተኛዋ እንቅርቱ ላይ ተጣብቃ ነበር። ስብ ነበር የምትመስለው።»

«አዎ» አሉ። «ስብ ነው የምትመስለው።»

ግድግዳውን ይዘው ተቀመጡ፤ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው አለቀሱ። ኤቢሴ ያ ሁሉ ፍርሃቷ አሳፈራት። የሚስቱ ሞት ዛሬም ያልበረደለት ባል፣ የሰው ልጅ ስትተርፍ ማየት ብቻ ነበር ለካ የሚፈልገው።

በሌላው ጫፍ ኦቦ ጫምሳ ከዘመዶቻቸው ጋር ቆመው ይጠብቃሉ።

«ጂቱ ደህና ናት» አለቻቸው። «ዕጢዎቿ በሙሉ ተርፈዋል።»

ኦቦ ጫምሳ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «ገለቶሚ ልጄ፣ ገለቶሚ!» እያሉ ትከሻዋን ሳሙ።

«አንድ ነገር ላስቸግርዎ» አለች ኤቢሴ ወደ አግዳሚው እያሳየቻቸው። «እኚያን ሰው ሄደው አንድ ቃል ያጽናኗቸው። ሚስታቸው እዚሁ፣ በዚሁ ኦፕራሲዮን ነው የሞተችባቸው።»

ኦቦ ጫምሳ እጃቸውን ከትከሻዋ አነሡ። ወደሚያለቅሱት ሰው አዩ።

«የሞተችው የኔ ሚስት ናት ልጄ፤ የጂቱ እናት» አሉ። «ሽማግሌ የላከብኝ እሱ ነው፤ ዶክተሯ እሱ ነበር።»